የኻልቲ ሐዋ በርጩማ

«ውሰድ አልኩህ!»

«አልወስድም!»

«ስምንት ጠገራ ነው። አርባ አሞሌ፣ ባምስት ባምስት፣ ስምንት። ቁጠር!»

«ቁጥሩ አልጠፋኝም ኻልቲ። አንቺ ገበያ ወጥተሽ ስትናገሪ ጨው ይረክሳል። ማታ ስድስት ሲገባ ጨዌን ታቅፈሽ ልትቀሪ ነው?»

«ማታ ሌላ ነው። አሁን ጠዋት ነው። እኔ ከአፌ እስካላወጣሁ ድረስ ገበያው አምስት ነው። ማነው ስድስት ያለው? አንተ! አንተ ደግሞ ገበያ አይደለህም።»

ብሩን መዳፌ ላይ ልታስቀምጥ እጄን ያዘች። ጣቶቼን ጨበጥኩ። አንድ በአንድ ልትፈለቅቃቸው ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ ሳቀች። ተናዳም ትስቅ ነበር። ስትስቅ ሰውነቷን የምትጠቀልልበትን ሰፊ ጨርቅ፣ ቶቧን፣ ጫፉን ይዛ ወደ አፏ ትወስዳለች።

«እናትህ በሬ ትፈልጋለች» አለች። «ወንዙ አልሞላም። ዛሬ ትሄዳለህ፣ ትሻገራለህ፣ በሬ ትገዛለህ። ሦስት ነገር ነው። አራተኛ የለም።»

እኔና ኻልቲ ሐዋ አሶሳ ቤቷ ውስጥ ቆመን እንዲህ የተጨቃጨቅነው ከአራት ክረምት በፊት ነው። ባለፈው ሳምንት እርሻ ላይ ሳለሁ አያ ቢተው የሚባል የአገራችን የቡለን ነጋዴ ከመንገድ ዳር ጠራኝ። አህዮቹን እንኳ አላቆመም። «የአሶሳዋ መንዛሪ ሞተች፤ ታውቃት አልነበር?» አለኝ። አውቃት ነበር። እንዲያ ስለው ቆሞ አሟሟቷን ነገረኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ እየሠራሁ ድምፅዋን እሰማለሁ። ስለዚህ ልጻፋት።

ወደ አሶሳ የወረድኩት የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ፊደልን በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ተቀምጬ ከሌሎች ልጆች ድምፅ ለቅሜ ተማርኩ። ግጥም እገጥም ነበር፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ግን አይሆንልኝም። እናቴ ይህን አይታ ከሁለት በሬዎቿ አንዱን ሸጠችና አርባ አሞሌ ጨው ገዛችልኝ። «ዓባይን ተሻገር፤ ማዶ ጨው ውድ ነው። ለሰኔ እርሻ ግን በሬዬን ይዘህልኝ ና» አለች። በአንድ በሬ አይታረስም። በእርሻ ዋዜማ ደግሞ ቡለን ላይ በሬ ከስምንት ጠገራ አይወርድም። ይዤ የሄድኩት እንግዲህ ጨው ሳይሆን የእናቴን እርሻ ነበር።

በጥቅምት አሶሳ ስደርስ አንድ ጠገራ ብር በአራት አሞሌ ይመነዘር ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ጨው ተወደደ ማለት ነው፤ ሲበዛ ረከሰ። በአራት ብሸጥ አሥር ጠገራ ይዤ እመለስ ነበር። እኔ ግን ሦስት ይገባል ብዬ ጠበቅኩ። ክረምቱ ወጥቶ ዓባይ ሲጎድል የሲራራ ነጋዴ ከማዶ ጨው ጭኖ ተግተለተለና አምስት ገባ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ጨዌን ከተከራየሁት ጎጆ ጣሪያ ሥር፣ ጭስ እንዲያገኘው ሰቅዬ፣ ለነጋዴዎች ደብዳቤ እየጻፍኩ እህል እየበላሁ ዋጋው እስኪመለስ መጠበቅ ጀመርኩ። ኻልቲ ሐዋን ያወቅኳት እንዲህ ስጠብቅ ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከገበያው ሾላ ሥር በሦስት እግር በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። በስተቀኟ ጠገራ የሞላበት ቅል፣ በስተግራዋ ከሾላው ሥር ላይ የተደገፈ አሞሌ፣ ጉያዋ ውስጥ ደግሞ በክፍት አገዳው የወርቅ ዱቄት የተሞላበት የአሞራ ላባ አለ። ብርን በጨው፣ ጨውን በወርቅ፣ ወርቅን በብር ትመነዝራለች። የበርታ ሴት ናት፤ ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች አድጋለች፤ ኋላ ከሱዳን የመጣ ነጋዴ አገባት፤ እሱ ሲሞት በርጩማውን ወረሰች። በመጀመሪያው ቀን «አንቱ» ብዬ ሳናግራት ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ ፈለገች። «ሁለት ሰው አይደለሁም» አለችኝ። «ኻልቲ በል።» አክስቴ እንደ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራት እንደዚያ ነበር። እኔን ግጥም እንደምገጥም ከሰማች በኋላ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ ሻዒር አለችኝ፣ በዐረብኛ ገጣሚ ማለት ነው፤ ሻዒር ሆኜ ቀረሁ።

ሰው ወደ እሷ የሚመጣው ለመመንዘር ብቻ አልነበረም። «የሚመጣው ቅዳሜ ስንት ይገባል?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም ጠዋት ዝም ብላ ትውላለች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ከበርጩማዋ ሳትነሳ ጮክ ብላ «አራት ተኩል!» ወይም «እንዳለ ነው!» ትላለች። አብዛኛውን ጊዜ የተናገረችው ይሆናል። አንዳንዱ ጂን ታናግራለች ይል ነበር። እኔ ግን ዐይኔን ተክዬ ስለዋልኩ የምታናግረውን አይቻለሁ። የምታናግረው አህያ ነበር።

ከሩቅ አገር ጭነት ሲገባ ነጋዴውን ቀና ብላ አታየውም። ትነሳና የአህያውን እግር አንስታ ሰኮናውን ታያለች፤ ጭቃውን በጥፍሯ ትፍቃለች። ቀይ ጭቃ የደጋ ነው፤ ጥቁሩ የቆላ። ጀርባው ተገጥቦ እንደሆነ ታያለች፤ የተገጠበ አህያ ተቻኩሎ የመጣ ነው፤ የተቻኮለ ነጋዴ ደግሞ የሚያውቀው ነገር አለ። አሞሌውን በጠገራ ጠርዝ ትመታውና ጆሮዋን ትሰጠዋለች። ደረቅ ጨው ይጮኻል፤ ውሃ የነካው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የታፈነ ጨው ከበዛ ወንዙ እየሞላ ነው። ነጋዴው አጠገቧ ቆሞ ስለ መንገዱ ሲያወራ እጇን ታወዛውዝበታለች፤ ዝንብ እንደማባረር። ወደ እኔ ዞራ «አፉን ተው፤ እግሩን እይ» ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ አንድ ነጋዴ ቀድሞ ገብቶ «ሃምሳ ጭነት ጨው ከኋላዬ እየመጣ ነው» ብሎ አወራ። ገበያው ታመሰ። ጨው ያለው ሁሉ ሳይረክስብኝ ልሽጥ ብሎ ተሯሯጠ፤ እኔም አርባዬን ላወርድ ወደ ቤት ልሮጥ ስል ኻልቲ ሐዋ ቶቧን አጣፍታ ወደ ዱቄት ሻጮቹ ስትሄድ አየኋትና ተከተልኳት። «ያ ሰውዬ ለሚመጡት ሰዎች ዱቄት አዘዘ?» አለቻት አንዷን። «አዘዘ።» «ለስንት?» «ለስድስት።» ኻልቲ ሐዋ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ወጥታ ቆመች። «ሃምሳ ጭነት በስድስት ሰው? አህያው አህያውን ይጭናል እንዴ?» ብላ ጮኸች። ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬው ያን ቀን ርካሽ ጨው ሳይገዛ ሄደ።

እኔ ደግሞ የራሴ መንገድ ነበረኝ። የጎጆዬ ግድግዳ እንደ አገሩ ሁሉ ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ለእያንዳንዱ ቅዳሜ አንድ ቀርከሃ መደብኩና የዕለቱን ዋጋ በቢላ ምልክት አደረግሁበት፤ ጨው ሲወደድ ከፍ አድርጌ፣ ሲረክስ ዝቅ አድርጌ። ከወራት በኋላ ግድግዳዬ ኮረብታና ሸለቆ ሆነ። ምልክቶቹን ስመለከት ሦስት ጊዜ ሽቅብ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ቁልቁል፣ ደግሞ ሦስት ሽቅብ ሲሉ አየሁ። ዋጋም እንደ ግጥም ቤት ይመታል! የሚቀጥለውን መስመር ከአሁኑ ማወቅ እችላለሁ! ብዬ ኻልቲን ጠርቼ አሳየኋት።

ወገቧን ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ቆንጆ ነው» አለች ከልቧ። ከዚያ አንዱን ዝቅ ያለ ምልክት በጣቷ ነካች። «ይህን ማን መታው?»

«ማለት?»

«ጠባሳ ነው። ማን መታው? ወንዝ? ሰርግ? ውሸታም?»

አላውቅም ነበር። ቀርከሃው ቀኑን እንጂ ምክንያቱን አልያዘም።

«አንተ ጠባሳ ትቆጥራለህ» አለችኝ። «እኔ ዱላ የያዘውን አያለሁ።»

ተናድጄ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው በተሰበሰበበት እንዲህ ብዬ ገጠምኩባት።

ወርቁን በላባ ጨዉን በመዳፍ ሰፍራ፣
ነገን ትናገራለች ካህያ ጋር መክራ።

የማትቆጣ ሴት ናት። ዐይኗ እንባ እስኪሞላ ሳቀችና «ወላሂ ልክ ነው!» አለች። «አህያ ካንተ ይሻላል ሻዒር። አይዋሽም፤ ግጥም ደግሞ አይገጥምም።» ከዚያ በኋላ ሰው «ስንት ይገባል?» ሲላት «ቆይ፣ ልምከር» እያለች ራሷ ታስቅ ነበር።

እሷም ትሳሳት ነበር። የማልረሳው ግን መሳሳቷን ሳይሆን ስትሳሳት የምታደርገውን ነው። የተናገረችው ዋጋ ካልሆነ በርጩማዋን ቤቷ ትታ ትመጣለች። ያን ቅዳሜ ሙሉ ቀን መሬት ላይ ተቀምጣ ትመነዝራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ሕግም አይደለም። መንገደኛው ከሩቅ አይቶ «አሃ፣ ኻልቲ ስታለች» ይላል። እሷ ራሷ ለማያውቀው ትነግራለች፤ «ዛሬ በርጩማ የለም፤ ያለፈውን ዋሽቻለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ከላይ ሆኜ ስናገር ሰው ይሰማል» አለች። «ስሳሳት ደግሞ ከታች መሆኔን ይይ።» ከሷ ሌላ ስለ ነገ የሚናገሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱም መሬት ላይ ሲቀመጥ አላየሁም።

አያ ቢተው የመጨረሻዋን ታሪክ ሲነግረኝ የሳቅኩት ይህን ስለማውቅ ነው። በረመዳን ክፉኛ ታመመች። ጎረቤቶቿን ሰብስባ «ኢድን አላይም» አለች፤ ቅሉን ለማን፣ ላባውን ለማን እንደምትሰጥ ተናገረች። ኢድ መጣ፤ እሷ ግን አልሞተችም። በበነጋው ቅዳሜ በዱላ እየተደገፈች ገበያ ወጣችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዎቹ «ደግሞ ምን ተሳሳትሽ?» ሲሏት «እሞታለሁ ብዬ ነበር፤ ይኸው» አለች። ከዚያ በሳምንቱ በርጩማዋን አስመጥታ፣ ተቀምጣበት ውላ፣ ቤቷ ገብታ ሞተች። አያ ቢተው ይህን ሲነግረኝ እሱም ይስቃል እኔም እስቃለሁ፤ በሬዎቹ ዞረው እያዩን ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ጭቅጭቅ ልመለስ።

ግንቦት ገብቷል። ዋጋው አምስት ላይ ነው። በአምስት ልክ ስምንት ጠገራ፣ ልክ አንድ በሬ ይሆናል፤ ስድስት ከገባ በሬው የለም። ደግሞም የደጋው ዝናብ ጀምሮ ዓባይ ከሞላ እስከ መስቀል መሻገሪያ የለም፤ ብሩ ቢኖረኝ እንኳ የእናቴ ሰኔ ያልፋል።

እንዲህ ባለ ሰዓት ይኸው አያ ቢተው ከማዶ ጨርቅ ጭኖ ገባ። ቅዳሜ ገበያ ላይ «ወንዙ ገና እስከ ጉልበት ነው፤ የጨው ሲራራ በሁለት ሳምንት ይደርሳል» እያለ ያወራል። እሱ ራሱ ጨው ገዝቶ ወደ ወርቁ አገር መውረድ ይፈልግ ነበርና ኻልቲ ሐዋ እጇን አወዛወዘችበት። የአህያውን እግር አነሳች። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ!

«ጉልበት ነው?» አለችው። «ደጋው በጭቃ ተለውሶ ወንዙ ጉልበት ነው?»

«ወንድሞቼን ይግደልልኝ፣ እውነት ነው የምልሽ!» አላት አያ ቢተው።

«ወንድሞችህ ይኑሩ። አህያህ ተናግሯል።»

ጭቃውን በጥፍሯ ፍቃ በገል ላይ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ «ወንዙ ሞልቷል! ጨው አይመጣም! ሳምንት አራት ነው፤ ያላችሁ ያዙ!» አለች። ወርቅ አጣቢዎቹ ሴቶች ለመሸጥ ያመጧትን አንዳንድ ሁለት ሁለት አሞሌ መልሰው ተሸከሙ። የእኔ ቀርከሃ ይወርዳል ይል ነበር፤ ሦስት ሽቅብ ሄዷልና። ያንን ስነግራት «ግድግዳህን አህያ ረግጦታል?» አለችኝ። እኔም ጨዌን ያዝኩ። አራት ሲገባ አሥር ጠገራ አገኛለሁ፤ መሻገሪያ ግን የለኝም።

ዓርብ ዕለት ኮረብታው ላይ ለአዲሱ ሹም ቤት ከሚሠሩት አናጢዎች አንዱ ደብዳቤ ጻፍልኝ ብሎ አስጠራኝ። ስወጣ ከሥራው ቦታ አጠገብ ቀይ ጉድጓድ አየሁ። ለምርጊት ጭቃ እየተቦካ ነው፤ የሚረግጡት አህዮች ናቸው። «የማን አህዮች ናቸው?» አልኩ። «ከማዶ የገባ ሁሉ አንድ ቀን እዚህ ይረግጣል፤ ትእዛዝ ነው» አለኝ አናጢው። «ባለፈው ዓርብ የቢተው ነበሩ።»

ጎንበስ ብዬ ጭቃውን አነሳሁ። ጭድ አለበት። ያን ጊዜ ባለፈው ቅዳሜ ገሉ ላይ ያየሁት ጭቃ ትዝ አለኝ። እሱም ጭድ ነበረበት፤ በዐይኔ አይቼዋለሁ፤ ግን እኔ ባደግሁበት አገር ጭቃ ሁሉ ጭድ አለበትና ነገሬ አላልኩትም። ልጅ ሆኜ የረገጥኩት እሱን ነው። እሷ ደግሞ ቤት ሁሉ ቀርከሃ በሆነበት አገር ተወልዳ ጭድ ከጭቃ ጋር ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

የቢተው አህዮች ጭቃ ከዚህ ጉድጓድ እንጂ ከደጋ አልመጣም። ስለዚህ ደጋው አልዘነበም፤ ወንዙ ጉልበት ነው፤ ወደ እናቴ የሚወስደው መንገድ ክፍት ነው፤ ጨው ደግሞ እየመጣ ነውና ይረክሳል።

ስወርድ አያ ቢተውን መንገድ ላይ አገኘሁት። «ጨውህን በአምስት እወስድልሃለሁ፤ አሁኑኑ» አለኝ። አፌን ከፈትኩ። አዎ ብል በሬው ተገዛ ማለት ነው። ግን ሁለት ሁለት አሞሌያቸውን መልሰው የተሸከሙት ሴቶች ትዝ አሉኝ፤ እነሱ ሲከስሩ እኔ ብቻዬን ላመልጥ ነው። «ነገ እነግርሃለሁ» ብዬ ሄድኩ። ደግ ሆኜ ብቻ አይደለም። ያየሁትን ለእሷ ሳልነግር መዋል አልችልም ነበር፤ እንደዚያ ያለ ነገር ካልተናገርኩት ያመኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አርባውን አሞሌ ተሸክሜ፣ አንድ ጓል ጭቃ ይዤ፣ ገበያ ሳትወጣ ቤቷ ደረስኩባት። ጭቃውን ሰበርኩና ጭዱን አሳየኋት። ከመደርደሪያው ገሏን አወረደች። ደርቆ የተጣበቀውን የአህያ ጭቃ በጥፍሯ ሰበረች። ከውስጡ አንድ ጭድ መዘዘች። ሌላ መዘዘች።

«ለምን ጭቃ ውስጥ?»

«ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ።»

«ሰው ቀርከሃ እያለ ጭቃ ውስጥ ይኖራል?» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ቀርከሃህ ነው የነገረህ?»

«አይደለም። ዐይኔ ነው።»

«ሸጥክ?»

«አልሸጥኩም። ቢተው በአምስት ሊወስድ ነበር።»

«እናትህስ? በሬውስ?»

ወደ ጨዌ አየሁ። ሳቋ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ቶቧን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ወደ ቅሉ ሄዳ ስምንት ጠገራ ቆጠረች። ጭቅጭቁ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«አልወስድም» አልኩ ለመጨረሻ ጊዜ። «ሰው ምን ይላል? ሐዋ ለወዳጇ ቀድማ ነገረች ይላል።»

«ማን ለማን ነገረ?» አለች። «እነግራቸዋለሁ። ጭዱን ያየው ሻዒር ነው እላለሁ። ጨዉን ባምስት ገዛሁት እላለሁ። የሚቆጣ እኔን ይቆጣ። ሲራራው ገና አልገባም፤ ዛሬ ከሸጡ ብዙ አይጎዱም።» ጭዱን በቶቧ ጫፍ ቋጠረች፤ ለማሳየት መሆኑ ገባኝ። «ካሁን በኋላ ሰኮና ሳይ ጭድም አያለሁ። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። ዋጋው ስምንት ጠገራ ነው፤ ርካሽ ነው።»

ጣቶቼ አሁንም እንደተጨበጡ ነበሩ። ተወቻቸው። ስምንቱን ብር በርጩማዋ ላይ አንድ በአንድ ደረደረች።

«እሱ ዛሬ ሥራ የለውም» አለች።

ላባውን ጉያዋ ከተተች፤ ቅሉን ብብቷ ሥር አደረገች፤ በርጩማውን አልፋ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ዞር ሳትል «ወንዙ ደግሞ ሻዒር አይጠብቅም» አለችና ወጣች። የቀርከሃው በር ከኋላዋ ተዘጋ።